ቦታ ያልነበረው ወይስ ቦታ የማያጣ? ስለ አዝፒሊኩዌታ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ቀድሞው የቼልሲ አምበል፣ ስለ ስፔናዊው ተከላካይ ሴሳር አዝፒሊኩዌታ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ጓደኛዬ ላከልኝ። "አንብበው፣ ትናደዳለህ" ብሎ ነው የላከው። እውነቱን ነው፣ ተናደድኩ። ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን ንዴቱ በረደልኝና መልስ ልጻፍ አልኩ። ጽሑፉ ዝም ብሎ ስድብ አይደለም። ጸሐፊው ኳስ ያውቃሉ፣ የተጻፈውም በደንብ ነው። የተሳሳቱት ሚዛናቸው ላይ ነው። አንድን ተከላካይ በማይመዘንበት ሚዛን መዝነው "ቀለለብኝ" አሉ።

ላላነበባችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ አዝፒሊኩዌታ ጠባዩ መልካም የሆነ ተራ ተጫዋች ነው፣ ዋንጫዎቹን ያገኘው ዕድል ቀንቶት ሀብታም ክለብ ውስጥ ስለገባ ነው የሚል ነው። ለዚህም የሚከተሉትን ያቀርባሉ። የራሱ የሚባል ቦታ አልነበረውም። ወደፊት ሄዶ አይጠቅምም። ለስፔን የሠራው የለም። አምበልነቱ የስም ብቻ ነበር። መሄድ በነበረበት ሰዓት ስላልሄደ መጨረሻው አላማረም። አንዳንዱ ብዙ የሚያነጋግር ነው፣ አንዳንዱ በጥቂት መስመር ያልቃል፤ እኔም እንደ ክብደቱ ነው የምመልሰው። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጽሑፉ የሚጀምረው ከስሙ ነው። የቼልሲ ደጋፊዎች አዝፒሊኩዌታ ማለት ከብዷቸው "ዴቭ" አሉት። ጸሐፊው ይህንን ይዘው "ስሙን እንኳ ለመማር ያልተጋላቸው ተጫዋች" ይላሉ። ይህ አያስኬድም። ዴቭ እንግሊዝ ውስጥ የጎረቤት ስም ነው፣ ሁልጊዜ የምታገኘውና የምታምነው ሰው ስም። ደጋፊ እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣው የቤት ልጅ ላደረገው ሰው ነው። የማይወደውን ተጫዋች ቅጽል ስም ቢያወጣለት ስሙ ራሱ ስድብ ይሆን ነበር። ለእኛ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። በፊደላችን ሰባት ፊደል ነው፣ እንደተጻፈ ይነበባል። ስለዚህ ሙሉ ስሙን እየጠራሁ እቀጥላለሁ።

"ቼልሲ የገዛው በርካሽ፣ ለማሟያ ነው" የሚለውንም ቶሎ ልለፈው። በርካሽ መገዛቱ እውነት ነው። በ2012 ነሐሴ ከማርሴይ ሲመጣ ዋጋው 7 ሚሊዮን ፓውንድ አካባቢ እንደሆነ ነው የተወራው። ግን ከየት እንደመጣ እንይ። በ1989 የተወለደው ፓምፕሎና አጠገብ ባለችው ሲሱር ማዮር ነው። ልጅ ሳለ ከፊት ነበር የሚጫወተው፣ ወደ ኋላ የተመለሰው በኋላ ነው። በ17 ዓመቱ፣ በ2007 ሚያዝያ፣ ለኦሳሱና የመጀመሪያ የላሊጋ ጨዋታውን አደረገ፣ ተጋጣሚውም ሪያል ማድሪድ ነበር። በዚያው ዓመት ከስፔን ጋር ከ19 ዓመት በታች የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። በ2010 ዲዲየ ዴሾ ያሰለጥኑት ወደነበረው ማርሴይ ሄደ። እዚያ ገና ሳይደላደል በኅዳር ወር የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ግማሽ ዓመት ያህል ከሜዳ ራቀ። የ21 ዓመት ልጅ፣ ባዕድ አገር፣ የተበጠሰ ጉልበት። ተመልሶ በማርሴይ ሁለት ጊዜ የፈረንሳይ ሊግ ካፕን አነሳ። ጸሐፊው "ዕድል" ያሉት መንገድ ይህ ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ ላይ ደረስን። ጸሐፊው "የራሱ ቦታ ያልነበረው፣ ቀዳዳ የሚደፈንበት ተጫዋች" ይሉታል። ቀኝ ተከላካይ ሆኖ መጣ፣ ግራ ተጫወተ፣ ከዚያ መሃል ገባ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ተመለሰ። በአንዱም ቦታ የዓለም ቁጥር አንድ አልነበረም ይላሉ።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እቀበላለሁ። የዓለም ቁጥር አንድ ቀኝ ተከላካይ ነበር ብዬ አልከራከርም። ከዚያ በፊት ያለውን ግን አንድ በአንድ እንየው፣ ምክንያቱም ጸሐፊው እንደ ጉድለት የቆጠሩት ነገር ለእኔ የዚህ ሰው ትልቅነት ዋና ማሳያ ነው።

በ2013 አሰልጣኙ ሞሪንሆ ወደ ቼልሲ ሲመለሱ የቀኙን ቦታ ኢቫኖቪች ይዞታል። በግራ አሽሊ ኮል አለ። አሽሊ ኮልን ለማታውቁ ወጣቶች ልንገራችሁ፣ በፕሪሚየር ሊጉ ከታዩ የግራ ተከላካዮች ሁሉ ምርጡ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፣ እኔም አንዱ ነኝ። አዝፒሊኩዌታ በሁለቱ መካከል ቦታ አልነበረውም። እንግዲህ በቀኝ እግሩ የሚጫወተው ልጅ በግራ በኩል ገብቶ አሽሊ ኮልን ቤንች ላይ አስቀመጠው። በጉዳት ምክንያት ለአንድ ሁለት ሳምንት ሳይሆን ለወራት። ኮልም በዚያ ዓመት መጨረሻ ክለቡን ለቀቀ።

ይህ እንዴት ሆነ? ያን ጊዜ በብዙ ትልልቅ ቡድኖች ቀኝ ክንፍ ላይ በግራ እግሩ የሚጫወት ሰው ይቆም ነበር። ኳስ ይዞ ወደ ውስጥ ይቆርጥና በግራ እግሩ ይመታል። የተለመደው የግራ ተከላካይ ጠንካራ እግሩ በውጭ በኩል ነው፣ ስለዚህ ሰውየው ወደ ውስጥ ሲቆርጥ በደካማ እግሩ ነው የሚደርስበት። አዝፒሊኩዌታ ጋ ግን ክንፉ ወደ ውስጥ ሲቆርጥ የሚጠብቀው ጠንካራው ቀኝ እግሩ ነው። በዚያ ላይ ቶሎ አይወድቅም። ሸርተቴ የሚገባው ሌላ አማራጭ ሲያጣ ብቻ ነው። ጉልበቱን አጠፍ፣ ሰውነቱን ገደድ አድርጎ ይቆማል፣ አጥቂው መጀመሪያ እንዲወስን ያስገድደዋል። አንድ ለአንድ እሱን አልፎ የሚሄድ ክንፍ ማየት ብርቅ ነበር። ይህ በጎል ማጠቃለያ ቪዲዮ ላይ አይታይም። ጨዋታውን ተቀምጦ ያየ ሰው ግን ያውቀዋል።

በዚያ የውድድር ዘመን መጨረሻ የቼልሲ ተጫዋቾች ራሳቸው የዓመቱ ምርጥ ብለው የመረጡት እሱን ነው። ቡድኑ ውስጥ አዛር፣ ቴሪ፣ ቼክ አሉ። አብረውት በየቀኑ የሚለማመዱ ሰዎች ድምፅ ለእኔ ከማንኛውም ተንታኝ ድምፅ ይበልጣል። ሞሪንሆም 11 አዝፒሊኩዌታዎች ያሉት ቡድን ሻምፒዮንስ ሊግን ሊወስድ ይችላል ብለው ነበር። ብዙ ሰው ያኔ ማጋነን መስሎት ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2014 ክረምት ቼልሲ ፊሊፔ ሉዊስን ከአትሌቲኮ ማድሪድ ገዛ። ፊሊፔ ተፈጥሯዊ የግራ ተከላካይ ነው፣ ከላሊጋው ሻምፒዮን የመጣ፣ ለሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የደረሰ። ሁሉም ሰው የአዝፒሊኩዌታ ጊዜያዊ ሥራ አበቃ ብሎ ነበር። ፊሊፔ ዓመቱን በአብዛኛው ተቀምጦ አሳለፈና በ2015 ወደ አትሌቲኮ ተመለሰ። ቼልሲ በዚያ ዓመት የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሲሆን በ38 ጨዋታ የገባበት 32 ጎል ብቻ ነበር። ሊግ ካፑንም ቶተንሃምን አሸንፎ ወሰደ። በግራ የቆመው ይኸው በቀኝ እግሩ የሚጫወተው ሰው ነው።

ቀዳዳ መድፈኛ የሚባለው ባለቤቱ እስኪመጣ የሚያገለግል ነው። ይህ ሰው ባለቤቱን አስነስቶ ነው ቦታውን የወሰደው። ተተኪውም ሲመጣ አላስነካውም።

ወደ 2016 ልሂድ፣ ምክንያቱም ጸሐፊው ይህንን ዓመት በግማሽ መስመር አልፈውታል። መስከረም 24 ቀን ቼልሲ በአርሰናል ሜዳ 3 ለ 0 ተሸነፈ። ሦስቱም ጎል የገባው በመጀመሪያው አጋማሽ ነው። አሰልጣኙ ኮንቴ እዚያው ጨዋታ ላይ አሰላለፉን ወደ ሦስት ተከላካይ ቀየሩ። ከሚቀጥለው የሃል ሲቲ ጨዋታ ጀምሮ ቼልሲ በሊጉ በተከታታይ 13 ጨዋታ አሸነፈ። ከሦስቱ ተከላካዮች የቀኙ አዝፒሊኩዌታ ሆነ።

ይህ ውሳኔ ያኔ ምን ያህል እንግዳ እንደነበር አስታውሱ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ78 ነው። የእንግሊዝ አጥቂዎች ደግሞ በግንባር ኳስ የሚኖሩ ግዙፎች ናቸው። ከፊቱ በቀኝ መስመር የተሰለፈው ቪክቶር ሞሰስ ነው። ሞሰስ ክንፍ ነው፣ መከላከል ሙያው አልነበረም፣ ከዚያ በፊት በየክለቡ በውሰት ሲዞር የኖረ ልጅ ነው። እሱ ወደፊት ሲሄድ ከኋላው የሚቀረውን ሜዳ በሙሉ የሚሸፍን ሰው ያስፈልጋል። መሃል ላይ ያለው ዳቪድ ሉዊዝ ደግሞ ኳስ ይዞ መውጣት ይወዳል። ስለዚህ አዝፒሊኩዌታ በአንድ ጊዜ የመሃል ተከላካይም፣ የቀኝ ተከላካይም፣ አንዳንዴም የሉዊዝ ጠባቂ ነበር። ኳስ ሲገኝ ደግሞ ከኋላ ጨዋታውን የሚጀምረው እሱ ነው።

በዚያ ዓመት በሊጉ 38ቱንም ጨዋታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደቂቃ ተጫወተ። 3,420 ደቂቃ። አልተቀየረም፣ አልተቀጣም፣ አልታመመም፣ አላረፈም። ቼልሲ 30 ጨዋታ አሸንፎ በ93 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ። "ቦታ የለውም" የተባለው ሰው፣ ለቡድኑ አዲስ በሆነ አሰላለፍ፣ እሱ ራሱ ባልኖረበት ቦታ፣ ሜዳውን አንድ ደቂቃ ሳይለቅ የሊግ ዋንጫ ወሰደ። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚፈለግ አላውቅም።

"ወደፊት ሄዶ አይጠቅምም" የሚለውንም ከዚሁ ጋር ላያይዘው። ሻምፒዮንነቱ የተረጋገጠው በ2017 ግንቦት 12 በዌስት ብሮም ሜዳ ነው። ጨዋታው 0 ለ 0 ነበር፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው። በ82ኛው ደቂቃ ባትሹዋዪ አገባ። ኳሱን ከቀኝ በኩል ወደ ጎሉ አፍ የላከለት ማን ነው? አዝፒሊኩዌታ ነው። የመሃል ተከላካዩ። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን መጀመሪያ ሞራታ በኤቨርተን፣ በሌስተርና በማንችስተር ዩናይትድ ላይ በግንባሩ ሲያገባ ሦስቱንም ኳስ ያሻገረለት እሱ ነው። ከሦስት ተከላካይ መስመር ወጥቶ፣ ከሩቅ፣ አጥቂው ግንባር ላይ የሚያስቀምጥ ኳስ ነበር። በ2014 የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ከአትሌቲኮ ጋር ሞሪንሆ ቀኝ አማካይ አድርገው አሰለፉት፣ ቶሬስ ላገባት ጎልም ኳሱን የሰጠው እሱ ነው። ቼልሲ ያን ቀን 3 ለ 1 ተሸንፏል፣ አልደብቅም። በ2019 አያክስ ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ 4 ለ 1 ሲመራ፣ መመለሱን የጀመረችው የአዝፒሊኩዌታ ጎል ናት። ጨዋታው 4 ለ 4 አለቀ። አምስተኛውንም አግብቶ በቫር (በቪዲዮ ዳኝነት) ተሻረበት።

በቼልሲ ያገባው በጠቅላላ 17 ጎል ነው። ብዙ አይደለም። እንደ ማርሴሎ ወይም እንደ ዳኒ አልቬስ ማጥቃት የሚያምርበት ተከላካይ አልነበረም። ጸሐፊው እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ግን "አይጠቅምም" እና "እንደ አልቬስ አይደለም" የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስለ ስፔን። ጸሐፊው በ2014 የዓለም ዋንጫ በብራዚሏ ሳልቫዶር ከተማ ኔዘርላንድ ስፔንን 5 ለ 1 ያሸነፈችበትን ጨዋታ ያነሳሉ። ቀኝ ተከላካዩ አዝፒሊኩዌታ ነበር፣ እውነት ነው። ከቺሊ ጋርም ተጫውቷል፣ ስፔን 2 ለ 0 ተሸንፋ ወጣች። በዚያ ሳምንት ከግብ ጠባቂው ካሲያስ ጀምሮ ጥሩ የነበረ ማንም አልነበረም። በአንድ ዘመን ፍጻሜ ላይ የተገኘውን ልጅ ለብቻው መክሰስ ግን ፍርድ አይደለም።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት ክፍል ደግሞ አለ። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ተኩል ያህል ከብሔራዊ ቡድኑ ውጭ ነበር። 31 ዓመት ሞልቶታል። አሰልጣኙ ሉዊስ ኤንሪኬ ለዘገየው የ2020 አውሮፓ ዋንጫ ጠሩት። ስፔን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ከስዊድንና ከፖላንድ ጋር አቻ ስትወጣ እሱ ቋሚ አልነበረም። በሦስተኛው ጨዋታ ገባ፣ ስፔን ስሎቫኪያን 5 ለ 0 አሸነፈች። ቀጥሎ ኮፐንሀገን ላይ ክሮኤሺያ መጣች። ግብ ጠባቂው ኡናይ ሲሞን ያቺን አሳዛኝ ኳስ ስቶ ስፔን መመራት ጀመረች። ሳራቢያ አቻ አደረገ። በ57ኛው ደቂቃ ፌራን ቶሬስ ያሻገራትን ኳስ አዝፒሊኩዌታ እስከ ክሮኤሺያ የግብ ክልል ድረስ ሮጦ በግንባሩ አስቆጠራት። በ44 የብሔራዊ ቡድን ጨዋታዎች ያገባት አንድ ጎል ይህች ናት። ስፔን በጭማሪ ሰዓት 5 ለ 3 አሸነፈች፣ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ሄደች፣ በኢጣሊያ በመለያ ምት ወጣች። "ለስፔን የሠራው የለም" ላሉት መልሴ የዚያ ወር ጨዋታዎች ናቸው። ካርቫሃል ባለበት አገር ቀኝ ተከላካይ ሆኖ የስፔንን ማሊያ 44 ጊዜ መልበስም ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን አምበልነቱ። ይህንን ክፍል ስጽፍ ስሜቴን መያዝ ይከብደኛል።

ጸሐፊው ከጆን ቴሪ ጋር ያወዳድሩታል። ቴሪ ይጮሃል፣ ያዛል፣ ደረቱን ይሰጣል። አዝፒሊኩዌታ ዝምተኛ ነው፣ ክንድ ማሰሪያውን ያገኘው ብዙ ስለቆየ ብቻ ነው ይላሉ። በ2021 በፖርቶ ከተማ የተደረገው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜም የአማካዩ የካንቴ ሌሊት እንጂ የእሱ አይደለም ይላሉ።

ከፖርቶው እንነሳ። ካንቴ የጨዋታው ምርጥ ነበር፣ ማንም አይክድም። ግን ወደዚያ ሌሊት እንዴት እንደተደረሰ ማየት ያስፈልጋል። በዚያ የውድድር ዘመን መጀመሪያ ሪስ ጄምስ አድጎ ቦታውን ወስዶበታል። አምበሉ ቤንች ላይ ነው የሚቀመጠው። ሲያማርር የሰማው የለም። በ2021 ጥር መጨረሻ አዲሱ አሰልጣኝ ቱኼል መጡ። በመጀመሪያው ጨዋታቸው ከዎልቭስ ጋር አሰለፉት። በሁለተኛው ከበርንሌ ጋር ቼልሲ 2 ለ 0 ሲያሸንፍ የመጀመሪያዋን ጎል ያገባው እሱ ነው። የቱኼል ዘመን የመጀመሪያ ጎል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሻምፒዮንስ ሊግ የጥሎ ማለፍ ዙር አትሌቲኮን፣ ፖርቶን፣ ሪያል ማድሪድንና ማንችስተር ሲቲን በገጠመባቸው ሰባት ጨዋታዎች ቼልሲ የገባበት ሁለት ጎል ብቻ ነው። አንዱ ታሬሚ በመቀስ ምት ያገባው ነው፣ ሌላው የቤንዜማ።

ግንቦት 29 ፍጻሜው ላይ ቲያጎ ሲልቫ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ተጎድቶ ወጣ። የመከላከሉ አዛዥ ወጣ ማለት ነው። ሐቨርትዝ በ42ኛው ደቂቃ ካገባ በኋላ ቼልሲ ከሲቲ ጋር አንድ ሙሉ አጋማሽ በአንድ ጎል ልዩነት መቆየት ነበረበት። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ጢም ባለበት ቤት ነበር የማየው። ማህሬዝ ከቀኝ ኳስ ወደ ውስጥ ሲልክ፣ ጉንዶዋን ለመግፋት ብቻ ቀርቶት ሲመጣ፣ ቤቱ በሙሉ ጎል ነው ብሎ ትንፋሹን ዋጠ። አዝፒሊኩዌታ ቀድሞት እግሩን አስገብቶ አወጣት። ተነስቼ የጮህኩት በሐቨርትዝ ጎል ብቻ አይደለም፣ በዚያች ኳስም ጭምር ነው። ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ቆይቶ ዋንጫውን ያነሳው እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በዚያው ቀን፣ ግንቦት 29፣ ባኩ ላይ አርሰናልን 4 ለ 1 አሸንፎ የዩሮፓ ሊግን ያነሳውም እሱ ነው።

ዝምተኛ ነው ለተባለው ደግሞ አቡ ዳቢን ላስታውስ። በ2022 የካቲት 12 የክለቦች ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። ቼልሲና ፓልሜራስ 1 ለ 1 ሆነው ጭማሪ ሰዓት ውስጥ ናቸው። አዝፒሊኩዌታ የመታት ኳስ የፓልሜራስ ተከላካይ እጅ ነካች። ዳኛው ቫር አይተው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጡ። አዝፒሊኩዌታ ኳሷን ታቅፎ ምቱ ቦታ ላይ ቆመ። የፓልሜራስ ተጫዋቾች የሚመታው እሱ መስሏቸው ከበቡት፣ ተናገሩት፣ ሊረብሹት ሞከሩ። እሱ ንቅንቅ አላለም። ያን ሁሉ ግፊት በራሱ ላይ ሲቀበል ሐቨርትዝ ዳር ላይ ብቻውን፣ ማንም ሳይነካው ቆሞ ነበር። ከዚያ ኳሷን ወስዶ ለሐቨርትዝ ሰጠው። ሐቨርትዝ በ117ኛው ደቂቃ አገባት፣ ቼልሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

አምበልነት ለእኔ ይህ ነው። በሕይወቱ ትልቁን ምት ሊመታ የተዘጋጀውን ልጅ ጫና፣ ሌላ ሰው ተሸክሞለት መቆም። ቴሪ በራሱ መንገድ ታላቅ አምበል ነበር፣ ይህንን ለመቀነስ አልጽፍም። ግን አምበል ሁሉ መጮህ የለበትም።

በዚያች ሌሊት አዝፒሊኩዌታ ለቼልሲ የሚገኙትን ትልልቅ ዋንጫዎች በሙሉ የወሰደ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። ሁለት ፕሪሚየር ሊግ፣ ኤፍኤ ካፕ፣ ሊግ ካፕ፣ ሁለት ዩሮፓ ሊግ፣ ሻምፒዮንስ ሊግ፣ የአውሮፓ ሱፐር ካፕ፣ የክለቦች ዓለም ዋንጫ። ቴሪም፣ ላምፓርድም፣ ድሮግባም ይህ የላቸውም።

"ታዲያ ይህ የክለቡ ሀብት እንጂ የእሱ ችሎታ አይደለም" የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ጽሑፉም የቆመው በዚህ ላይ ነው። እሺ፣ ሀብታም ክለብ ነው። ግን ሀብታም ክለብ የማይረባ ተጫዋችን 11 ዓመት አያቆይም፣ ይቀይረዋል። ቼልሲ ደግሞ ከሁሉም ክለብ በላይ ይቀይራል። አዝፒሊኩዌታ የተጫወተላቸውን አሰልጣኞች ቁጠሩ፦ ዲ ማቴዮ፣ ቤኒቴዝ፣ ሞሪንሆ፣ ሂዲንክ፣ ኮንቴ፣ ሳሪ፣ ላምፓርድ፣ ቱኼል፣ ፖተር። እነዚህ ሰዎች በኳስ ጉዳይ የሚስማሙበት ነገር ጥቂት ነው። ሞሪንሆ ዝቅ ብሎ መጠበቅ ይፈልጋሉ። ሳሪ ከፍ ብሎ በኳስ መጫወት። ኮንቴ ሦስት ተከላካይ። እያንዳንዱ ሲመጣ ከእሱ በፊት የነበረውን ቡድን አፈረሰ። ያላፈረሱት ሰው ቢኖር እሱን ነው። በሳሪ ዘመን ወደ ቀኝ መስመር ተመልሶ 38ቱንም የሊግ ጨዋታ በቋሚነት ጀመረ። ጠቅላላ ጨዋታው 508 ነው። በቼልሲ ታሪክ ከእሱ በላይ የተጫወቱት አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ሮን ሃሪስ፣ ፒተር ቦኔቲ፣ ቴሪ፣ ላምፓርድና ጆን ሆሊንስ። ከአምስቱ አንድም የውጭ አገር ሰው የለም።

ስሕተቶቹን አልክድም። በ2013 የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ቤንፊካ ያገኘው ፍጹም ቅጣት ምት በእሱ እጅ ነው የመጣው። በ2014 በክሪስታል ፓላስ ሜዳ በቀይ ካርድ ወጥቷል። በ2022 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ከሊቨርፑል ጋር የመለያ ምቱን ቋሚው መልሶበታል። ጸሐፊው እነዚህን ቢያነሱ ኖሮ ክርክራቸው ይጠናከር ነበር።

የመጨረሻው ነጥብ "መሄድ ሲገባው ቀረ" የሚለው ነው። በ2022 ክረምት ባርሴሎና ይፈልገው ነበር። ቀረ። ክለቡ ባለቤት ቀይሯል፣ ሩዲገርና ክርስቴንሰን ሄደዋል፣ መልበሻ ክፍሉ በአዳዲስ ልጆች ተሞልቷል። ቼልሲ በዚያ ዓመት 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። እሱም እንደ ድሮው አልነበረም፣ 33 ዓመቱ ነው፣ እግሩ ከብዷል። ይህንን ጸሐፊው "መጨረሻው አላማረም" ይሉታል። እኔ የዚያን ዓመት አንድ ቀን አልረሳም። በ2023 የካቲት ከሳውዝሃምፕተን ጋር ሲጫወት፣ ተጋጣሚው ኳስ በመቀስ ሊመታ ሲሞክር ፊቱን መታው። ሜዳው ላይ ተዘርሮ ቀረ፣ በአልጋ አውጥተው ሆስፒታል ወሰዱት። ስታምፎርድ ብሪጅ በሙሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አገግሞ ተመልሶ ተጫወተ። ቡድኑ ለፕሪሚየር ሊጉ ዋንጫ አይወዳደርም፣ የሚያረጋግጠውም ነገር አልቀረውም ነበር።

በዚያው ክረምት በነጻ ወደ አትሌቲኮ ማድሪድ ሄደ። ሁለት ዓመት ለአሰልጣኙ ሲሚዮኔ ተጫወተ። በ2025፣ 36 ዓመት ሞልቶት፣ ሴቪያ ወሰደው። በ17 ዓመቱ በጀመረበት ሊግ፣ ከ18 ዓመት በኋላ፣ ያኔም ተከላካይ የፈለገ አሰልጣኝ ስልክ የደወለው ለእሱ ነው።